የዐሥር ብር ዳኛ

እኔን አትጠይቁኝ። እኔ ትኬት ቆራጭ፣
መርካቶ ጀርባ ላይ፣ ከቆርቆሮው አዳራሽ፣ ከበሩ ተቀማጭ።
ዐሥር ብር ተቀብዬ፣ ጫፉን ሸርክቼ፣
ስንቱን አስገብቼ፣ ስንቱን አስወጥቼ።

ግን ጅማ ሲከራከር ክረምቱም አይገታው፤
ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሻይ ቤት በር ላይ ነው ጧት ማታው፦
«የቶፊቅ ይበልጣል!» «ኧረ የእነ ሲትራ!»
እንደ ኳስ ደጋፊ፣ አንዱ ቀኝ ሲሰለፍ፣ አንዱ ደግሞ ግራ።

ቶፊቅ አባዱራ፣ አጂፕ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ዐሥራ አራት ኮምፒውተር፤ መብራት ሲጠፋበት
በጄኔሬተሩ በመብራት ኃይል ላይ የሚሳለቅ።
በዓመት ሁለት ፊልም፣ በየመሐሉም የሳሙና፣ የባንክ ማስታወቂያ፤
ጅቡ መነጽር ሰክቶ፣ ጦጣው በሞተር ሳይክል
ሲወርድ ከጅሬን እስከ ገበያ።
ልጆቹ ሲስቁ ጣሪያው ይነጥራል፣
ያን ቀን ከረጢቴ በብር ይወፍራል።

ሲትራና ወንድሟ ግን፣ ቆጪ፣
በርጩማ ከሚጠረብበት ጓሮ፣ ሰጋቱራው መሐል፣
ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በእርሳስ፣ በወረቀት፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ፤
ስለ አንዲት የቦዬ ጉማሬ።
በቃ።
አትናገር፣ አትዘፍን። ከረግረጉ ወጥታ ሌሊት ሣር ትግጣለች፣
አጥሩ ከትናንቱ ቀርቦ ሲጠብቃት ቆማ ታየዋለች፣
ትመለሳለች።
ዘጠኝ ሰው ነው የገባው፤ አንዱን እንቅልፍ ወሰደው፣
ሦስቱንም ዝናቡ ነው ያስገደደው።

እውነቱን ልናገር፦ መሐሉ ይረዝማል፤
ሰማዩ አራት ጊዜ፤ አንዴ ያምራል፣ ሁለቴ ደህና ነው፣ አራቴ ያደክማል።
የቶፊቅም ጅብ ደግሞ፣ እናቱ ሞታ እንኳ ጥርሱን አልከደነም፤
ፊቱ ጎማ ነገር፣ ለሐዘን አልሆነም።

«ጥበብ ያለው ቆጪ፣ አጂፕ ያለው ገንዘብ» ይላል መምህር ኩምሳ፣
(በነጻ ነው የገባው፤ ቦርሳውን ረስቶ፣ ንግግሩን ሳይረሳ።)
«ቁጥር አይዋሽም!» ይላል ባለሱቁ ሚፍታ፣
«ጉማሬ ለማየት ቦዬ በነጻ አለ፤ ማን ከፍሎ ይተኛል በማታ?»
እኔ ዝም።

ከዚያ የቶፊቅ አዲሱ ፊልም መጣ።
ጦጣው በሞተሩ ድልድዩን ሊዘል ሲል፣ አዌቱ ወደቀ፤
ልጅ ሁሉ ሳቀ።
እኔ ግን አልሳቅሁም። ያየሁት ውሃውን፦
ቡናማ፣ የሐምሌ፣ ቁራጭ ፌስታል ይዞ የሚሄድ፣
ድንጋይ ሲያጋጥመው፣ ነገር እንደሚውጥ ሰው፣ ቆም ብሎ የሚወርድ።
ይህን ውሃ አውቀዋለሁ።
ለጉማሬዋ መንገድ የለቀቀው ነው።
የሲትራ እጅ ነው።

በማግስቱ መጣች፣ ሰልፍ ይዛ፣ ጥፍሯ ሥር ቀለም።
አየኋት። ማወቄን አወቀች።
«ሌሊት ሌሊት ነው» አለች፣ «ለቤት ኪራይ፣ ለወረቀት፤
ስሜንም አትጻፉ ብዬ እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»
«ቶፊቅስ?»
«እሱማ ውሃውን ሲያይ፣ ዐሥራ አራቱን አስቁሞ፣
‹ጦጣው ቀስ ብሎ ይውደቅ› አለ፣ ከኋላዬ ቆሞ።»

ዐሥር ብሯን ግን ተቀበልኳት። ሒሳብ ሒሳብ ነው።

ዛሬም ይከራከራሉ። ኩምሳ ጥበብ ይላል፣ ሚፍታ ቁጥር ይላል፣
ሻዩ ይቀዘቅዛል።
እኔ ጫፍ እሸረክታለሁ።
ትናንት አንድ ትንሽ ልጅ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ፣ በሩ ላይ ቀረና፣
ስለ ጦጣው አይደለም፣ ስለ ሞተሩም አይደለም፣
«ያ ውሃ ግን» አለኝ፣ «ከዚያ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ቦዬ» አልኩት።